የአሥራ አራት ቁጥር ጎረቤት

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? የትልቁ ጉልበት ሻል አለው ወይስ አሁንም ኳስ ካላሳደድኩ እያለ ያናድድሻል? ሁሉንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ስለ እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ልማድ ሆኖ እጄ ጽፎትም ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ ይኼኛውን አነሳሁ። አባባ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቆጣል። እኔም እበላለሁ። የቀረውን ከታች ታነቢዋለሽ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው ትይ ይሆናል። አንቺ ስትደውዪ አባባ አጠገቤ ነው፤ ድምፅሽን ሲሰማ ጆሮውን ስልኩ ላይ ሊለጥፍ ምንም አይቀረው። ነገሩም በአፍ የሚነገር አልሆነልኝም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁሽ። ያለፈው እሑድ ግን ከባሕሩ ዳርቻ የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ፣ እንዴት አምሮባችኋል፣ አባባ እኮ ልጅ ሆነ፣ ለከርሞም እልካችኋለሁ ብለሽ ስትፍለቀለቂ ዝም አልኩሽ። ምነው ስትዪኝ መስመሩ ነው አልኩሽ። መስመሩ ምንም አልሆነም። ለከርሞ ከአባባ ጋር አውቶቡስ አልሳፈርም እትዬ። ለምን እንደማልሳፈር ልንገርሽ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትፈርጂብኝ።

መጀመሪያ የደበቅሁሽን ላውጣ። አባባ እኔን ማወቅ ካቆመ ዓመት አልፎታል። አንቺን በስምሽ ይጠራሻል፤ የልጆችሽን ትምህርት ይጠይቅሻል፤ አንቺም፣ ጭንቅላቱ ምንም አልሆነ እናንተ ናችሁ የምታካብዱት ትያለሽ። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንቺ ልጅ ሻይ አምጪልኝ፣ ታላቋ ልጄ ደወለችልኝ ይለኛል። በሱ ቤት ሠራተኛው ነኝ። አንድ ቀን ጨክኜ፣ ታናሿስ የት አለች አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ እሷማ ረሳችኝ፣ ዓይኗንም ካየሁ ቆየሁ አለኝ። ከልቡ ነበር ያዘነው፤ እኔኑ ፊት ለፊት እያየኝ! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል የምሰማው ተረት ለካ ለኔ ኖሯል። ጓዳ ገብቼ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ከዚያ ሳቁን ማቆም አቃተኝ።

ሌላውን ታውቂዋለሽ፤ ወይም ታውቂዋለሽ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የስፌት መኪናዬን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ በሩ ሥር ወስጄዋለሁ፤ ሳላየው እንዳይወጣ። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ አንድ ዓይኔ ጨርቁ ላይ ነው አንድ ዓይኔ እሱ ላይ። መርፌው ሁለቴ ጥፍሬን በስቶታል። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ሞተሩ ይሙቅ፣ ጭነት አለብኝ፣ መንገድ ይረፍድብኛል እያለ በሩን ይደበድባል። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ይሰድበኛል፣ ያወልቀዋል፣ መልሼ አለብሰዋለሁ። ያ ሊያገባኝ የነበረው ሰው ስድስት ዓመት ታግሦ አምና ሌላ አገባ። የሚዜዎቹን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አትዘኚልኝ፤ ቀሚሶቹ አምረው ነበር።

የላክሽልን ትኬቶች ሲደርሱን ግን ደስ አለኝ፤ ምን አስዋሸኝ። አምስት ቀን፤ ሦስቱ ተራራ ለተራራ፣ ሁለቱ ባሕር። ለአባባ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ለራሴ ኪስ ያለው ቀሚስ ሰፋሁ። ከቤት ስንወጣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ስከተው፣ እንደ ሰው ልዝናና ነው ብዬ አሰብኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሰው ነበርን፤ አብዛኛው ጡረተኛ፣ ባልና ሚስት። አስጎብኚያችን ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ድምፅ ማጉያውን ካፏ የማትለይ ወጣት ናት። ገና ከመነሳታችን እንዲህ ብላ ደንብ አወጣችልን። እኔ ሰው ስቆጥር እሳሳታለሁ፤ ስለዚህ እዚህ መኪና ውስጥ ሰው የሚቆጥረው ጎረቤቱ ነው። ከየቆምንበት ስንነሳ የወንበር ቁጥር እጠራለሁ፤ ቁጥሩ ሲጠራ ባለወንበሩ ዝም ይበል፣ ጎረቤቱ አይቶ አለ ወይም አለች ይበልልኝ። ጎረቤት የሌለ እንደሆነ አንነሳም። ሰው ሁሉ ደንቡን ወደደው። ባል በሚስቱ፣ ሚስት በባሏ ይቀልዱ ጀመር፤ አንዱ ጢማም ሽማግሌማ ሚስቱ ስትጠራ፣ የለችም፣ በሏ እንሂድ እያለ በየፌርማታው ያስቅ ነበር። አባባ መስኮቱ ጋ አሥራ አራት ቁጥር፣ እኔ ከጎኑ አሥራ ሦስት።

አሥራ አራት ሲባል አለ አልኩ። አሥራ ሦስት ሲባል አባባ ብድግ ብሎ፣ ሠራተኛዬ አለች አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። በሁለተኛውም ፌርማታ፣ በሦስተኛውም ሠራተኛዬ አለች።

ደግሞ ወደዱት አይገልጸውም! ዳገቱ ሲጀምር ከወንበሩ ሆኖ ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬኑን አታስለቅሰው፣ ይኼ መታጠፊያ ሰው ይበላል እያለ ሾፌሩን ያዘዋል። ሾፌሩ መጀመሪያ ተናደደ፤ ኋላ ግን እውነቱን መሆኑን ሲያይ፣ እሺ አለቃ ይለው ጀመር። ከኋላችን የተቀመጠች ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ምሳ ላይ አባባን፣ ማን ነው አባት እዚህ የላከዎት አለችው። ታላቋ ልጄ አለ፤ እሷ ባትኖር ይኼኔ ሞቼ ነበር፤ ከሰውም ከመድኃኒትም የምትበልጥ ልጅ ናት። ነርሷ እንባዋ መጣ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ አንቺም ጎበዝ ነሽ፣ ዛሬ እንዲህ ያለች ሠራተኛ የት ይገኛል፣ ስንት ዓመትሽ እሳቸው ጋ አለችኝ። ልጁ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ። እትዬ፣ ደከመኝ። ስምንት ዓመት ብዬ ሾርባዬን ጠጣሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስት ስትል አባባ ጎኑን ዞር ብሎ አየኝ፣ አየኝና፣ የለችም አለ። አስጎብኚዋ እየሮጠች መጣች። እኔ ተቀምጫለሁ። እንዴ አባት፣ ይቻት አይደል እንዴ ስትለው፣ ማንም የለም፣ ባዶ ነው ብሎ ድርቅ አለ። የሰዉ ሳቅ አውቶቡሱን አናወጠው፤ ጢማሙ ሽማግሌ እየተንፈቀፈቀ፣ ከኔም ባሱ አለ። አስጎብኚዋ ጠቀሰችኝና በጆሮዬ፣ ከእንግዲህ የአሥራ ሦስቱን አልጠይቅም፣ ለሁለታችሁም አንቺ መልሺልኝ አለችኝ። እሺ አልኩ። ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም፤ አባባ የኔንም በላው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባደርንበት ማረፊያ ቤት የአባባ አልጋ ረጥቦ ነበር። ሱሪውን ላወልቅለት ስታገል በጥፊ አጮለኝ፤ ሌባ፣ ልብሴን ልትወስጂ ነው ብሎ ጮኸ። የግድግዳው ወዲያኛው ክፍል የነርሷ ነው፤ ሰምታለች። አንሶላውን አጥቤ፣ ይቅርታ ብዬ ለባለማረፊያዋ ሰጥቼ፣ አባባን አልብሼ፣ ፊቴን ታጥቤ አውቶቡስ ገባሁ። ጉንጬ ግን ያቃጥለኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ የተራሮቹ ጫፍ ደረስን። ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ነገ ባሕር ነው ተባልን። ሰማይ ሲጠራ ባሕሩ ከዚያ ይታያል ይባላል፤ እኛ ያየነው ጉም ብቻ ነው። የራስሽን እጅ ዘርግተሽ የማታዪበት ጉም። ሃያ ደቂቃ ነው አለች አስጎብኚዋ፤ መጸዳጃ ቤትና አንዲት የተዘጋች ኪዮስክ ነበሩ። አባባን ኮቱን አለበስኩት፤ እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት፤ ቆቡን ጆሮው ድረስ አወረድኩለት። መጸዳጃው በር ስንደርስ፣ ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች፣ ሂጂ ከዚህ ብሎ ገፈተረኝ። ውጭ ቆሜ ጠበቅሁት። ቆየ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ክላክሱ ጮኸ፤ ሰው እየተሯሯጠ ተሳፈረ። አንዴ ጠራሁት፤ አልመለሰም። በሌላ በኩል ወጥቶ ገብቶ ይሆናል አልኩ።

ገባሁ። ወንበሩ ላይ አልነበረም። ተቀመጥሁ።

ውስጡ እንደ ምሽት ጨልሟል፣ መስኮቱ ሁሉ ላብ ብሏል፣ የወንበሩ ጀርባ ረጅም ነው፤ ነርሷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ተኝታለች። አስጎብኚዋ ከፊት ሆና ትጠራለች። ዘጠኝ? አለ። አሥር? አለች። ሁሉም ቸኩሏል፤ ሁሉም በርዶታል። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። የኔን ዘለለችው። አሥራ አራት?

አለ አልኩ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ መስኮት አጠገብ አልተቀመጥሁም ነበር። ጭንቅላቴን መስተዋቱ ላይ አስደገፍሁ፤ ቁልቁለቱ ያወዛውዘኛል፣ ከጎኔ ማንም ማርሽ ቀንስ አይልም፣ ማንም ሻይ አምጪ አይልም። ተኛሁ፣ እትዬ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎህ ሳይቀድ ማን በር ይደበድባል ብዬ ሳልሳቀቅ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛሁ።

የቀሰቀሰችኝ ነርሷ ናት። አባትስ አለችኝ። አርባ ደቂቃ ሄደን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። ሾፌሩ መሪውን እየደበደበ፣ እዚህ መንገድ ላይ የት አባቴ ልዙር አለ፤ እውነቱን ነው፣ ባንድ በኩል ገደል ባንድ በኩል ግንብ። መዞሪያ እስክናገኝ ሌላ ቁልቁለት ወረድን። አስጎብኚዋ ማጉያውን ጥላ ታለቅሳለች፤ አለ ብለሽኝ ነበር እኮ፣ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ ትለኛለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ኮቱ ወንበሩ ላይ ነበር፣ በጨለማው እሱ መሰለኝ አልኩ። አንድ ጊዜ ካልኩት በኋላ ደጋገምኩት። ምስኪን፣ ደክሟት ነው አለ ጢማሙ ሽማግሌ። ነርሷ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም።

ዳገቱን መልሰን ስንወጣ አንድ ሰዓት ፈጀ። ያን አንድ ሰዓት አልተርክልሽም። ገደል ገብቶ ቢሆንስ? መኪና ገጭቶት ቢሆንስ? ለፈጣሪዬ ያልተሳልኩት ስለት አልነበረም። ግን ሁሉንም ከጻፍኩልሽ አይቀር ይኼንንም ልጻፈው፤ በዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ትንሽ ድምፅ፣ ባይገኝስ ትል ነበር። በስንት ለቅሶ ውስጥ ሰማኋት።

ተገኘ። ከመንገዱ ዳር ያለ የድንጋይ ምሰሶ ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰው እንደቀጠረ ሰው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ቆቡ ላይ የጉም ጠብታ ተንጠልጥሏል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ለብሷል። ሠላሳ አራት ሰው ከአውቶቡሱ ወርዶ ኮቱን አየ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ እትዬ፤ አንቺም ስለ ኮቱ እንዳትጠይቂኝ።

አስጎብኚዋ ተንበርክካ እጁን እያሻሸች፣ ምን ሆነው ቀሩ አባት፣ ማን ነው ትቶዎት የሄደው አለችው። አባባ ቀና አለ። ዓይኑ በሁሉም ፊት ላይ እየዞረ መጣና እኔ ላይ ቆመ። ጭራሮ አለኝ።

ትዝ ይልሻል አይደል? ልጅ ሆኜ ከስቼ አጥንቴ ሲቆጠር ያወጣልኝ ስም። ከጠራኝ ስንት ዘመኑ! ከዚያ ለአስጎብኚዋ በዚያ በድሮ በሾፌር ድምፁ፣ አትቆጧት፣ ታናሽ ልጄ ናት፤ መኪና ሰው አይጠብቅም ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ከመጸዳጃው በር ሂጂ አለኝ እንጂ ስለ መኪናው አንዲት ቃል አላለኝም። ምኑን አውቆ ምኑን እንደረሳ፣ ከየት አምጥቶ እንደሸፈነኝ አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ነርሷ ክንዴን ይዛ ስታነሳኝ፣ ልጁ ነሽ እንዴ አለችኝ ቀስ ብላ። ጥፊው እንደዚያ አላመመኝም።

ከዚያ ወዲያ በአውቶቡሱ ውስጥ የጎረቤት ቆጠራ ቀረ። አስጎብኚዋ በየወንበሩ እየሄደች ራሷ በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች ቆጠረች። እኛ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች። ማንም አልቀለደም።

አንቺ የወደድሽው ፎቶ በማግስቱ የተነሳ ነው፤ ያነሳችን ነርሷ ናት። ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል ያደረገው አባባ ራሱ ነው። እኔ ላይ የሚታይሽ ጥርስ ነው እንጂ ሳቅ አይደለም።

ቤት ከገባን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። እንደገና ሠራተኛው ሆኛለሁ። ልጁ የሆንኩት አንድ ቀን ተኩል ነው፤ ያውም በዚያ ቀን! እንደገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ይደበደባል፤ እንደገና ታላቋ ልጄ ደወለችልኝ ይለኛል። ደክሞኛል ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። የደከመኝ ዛሬ አይደለም፤ ደክሞኝም ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። የምጽፍልሽ ስለዚያ እንቅልፍ ነው። የዩኒፎርሙን ጠርዝ እየሰፋሁ ትዝ ይለኛል፤ ሾርባ እያማሰልሁ ትዝ ይለኛል። ይናፍቀኛል፣ እትዬ። ራሴን ፈርቻታለሁ።

ስለዚህ ነይ። ፎቶ አትጠብቂ፣ ትኬት አትላኪልን፣ ስልክ አትደውዪ፤ ራስሽ ነይ። ወይ ውሰጂው ወይ እዚሁ ተቀመጪልኝ፤ ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ ትዪኛለሽ፣ አውቃለሁ። ሁሉንም አውቄ ነው ነይ የምልሽ። ልጅነታችንን በወተትም በእንባም አብረን አሳልፈናል፤ ዛሬ ብቻዬን ከተውሽኝ የምሆነውን አላውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልተወው ነበር፤ ግን ሳታውቂው እንድትመጪ አልፈልግም። ከፎቶው በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ ውኃው ሲሄድ እኔና አባባ አሸዋው ላይ ቀረን። ፀሐዩ ደስ ይላል። ኮቱን ራሱ ፈትቶ አወለቀ፤ አጣጥፎ ጎኑ አስቀመጠው፤ ጫማውንም አወለቀ። ባሕሩን ብዙ አላየውም። አሸዋውን በመዳፉ እየዳበሰ ቆየና፣ ጭራሮ አለኝ። አቤት አባባ አልኩት። እዚህ ይሻላል አለኝ። ምኑ ነው የሚሻለው አልኩት። ያኛው ቦታ ብርድ ነው፤ እዚህ ግን ይሞቃል፤ አሁን ሂጂ፣ እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ አለኝ። የተቆጣ አይምሰልሽ። ሕፃን ሆነን መንገድ ሲሄድ በሩ ላይ እንደሚስመን ግንባሬን ሳመኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረልኝ፣ ስሄድ እንዳያየኝ።

ጫማውን አድርጌለት፣ እጁን ይዤ ወደ አውቶቡሱ ወሰድኩት።

አንቺንም ቤትሽንም ክፉ አይንካብኝ። የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፤ እርጅናሽን ያሳምርልሽ፤ የሚጦርሽ ሰው ልቡ ከእጁ አይለይብሽ። ይኼን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው፤ እሱ ፊት እንዳታነሺው አደራ። ቀኑን ብቻ ላኪልኝ፤ የምትመጪበትን ቀን።

ታናሽ እህትሽ